«ይኼ ይሆነዋል»፦ የአሮጌ ሞተር ፊልትሮ በራጉኤል

መርካቶ ገብቶ ያጣ የለም ይባላል። አባባሉ የከተማችን እውነት ነው ወይስ የከተማችን ጉራ? ሊፈትነው የሚሻ ሰው ወርቅ ወይም ሐር አይጠይቅ፤ እነዚህ ገንዘብ ለያዘ ሁሉ ይገኛሉ። ይልቅስ ራጉኤል ዘንድ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን ከሚሰሙበት የገበያ ጥግ ይቁምና፣ ፋብሪካው መሥራት ላቆመ፣ አስመጪው ለተዘጋ፣ ሞዴሉም ለተረሳ መኪና የሚሆን አንድ የዘይት ፊልትሮ ይጠይቅ። መርካቶ የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው።

ራጉኤል ሲባል የእንጦጦው ደብር ቀድሞ ትዝ የሚለው ሰው አይጠፋም። ለመካኒክና ለአሮጌ መኪና ባለቤት ግን ራጉኤል ማለት መርካቶ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በየሱቁ እየጠየቀ፣ ካጣም ሶማሌ ተራ ድረስ ዘልቆ ከተፈታቱ መኪኖች ዕቃ መካከል እየበረበረ የሚፈልገውን ያገኛል፤ ወይም የሚፈልገውን የሚመስል ነገር ያገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሞተሩ ዕድሜ ነው።

ዕቃው በራሱ ትንሽ ነው። በአንድ እጅ የሚጨበጥ ቆርቆሮ፣ በውስጡ የተጣጠፈ ወረቀት። ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ በዋጋው ከርካሾቹ የሚመደብ፣ ሥራውን ሲጨርስ የሚወረወር ነው። እንዲህ ያለው ገዢ ሱቅ ሲደርስ የሚጠብቀው ጥያቄም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ናሙናውን ይዘውታል?»

ሻጩ የመኪናውን ስም ይሰማል፤ ዓመተ ምሕረቱንም ይሰማል፤ የሚያምነው ግን እጁን ነው። አሮጌውን ፊልትሮ ተቀብሎ ይገለብጠዋል። የቀዳዳውን ጥርስ በጣቱ ይዳስሳል፤ የላስቲኩን ቀለበት በዓይኑ ይለካል። ከዚያ ለሌላ መኪና የተሠራ፣ የሌላ አገር ስም የተጻፈበት ካርቶን ከመደርደሪያው ያወርድና «ይኼ ይሆነዋል» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸው። ከየት መጡ? ምን ያህልስ ይታመናሉ? ከእንግዲህስ የሚናገራቸው ሰው ይኖራል ወይ?

ማጣሪያ ያልነበረበት ዘመን

ዘይት በሞተር ውስጥ ብረትን ከብረት ይለያል፤ ሙቀት ይሸከማል፤ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ያጥባል። ያጠበውንም ይዞ ነው የሚዞረው። በመንገዱ ላይ የሚያጣራው ነገር ካላገኘ፣ እንዲያለሰልሰው የተላከበትን ብረት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። መካኒኮች ፊልትሮን የሞተር ኩላሊት የሚሉት ወደው አይደለም።

ይሁንና አውቶሞቢል የኖረው መጀመሪያ ያለ ኩላሊት ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውንና ገደሉን አልፎ ለዳግማዊ ምኒልክ ያደረሳት ሲድሌይ መኪና ዛሬ እኛ የምናውቀው ዓይነት ፊልትሮ አልነበራትም። የሷ ድክመት አልነበረም፤ ዕቃው ገና አልተፈለሰፈም። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው ዝነኛው ፎርድ ሞዴል ቲም ዕድሜውን የፈጸመው ያለ ዘይት ፊልትሮ ነው። የዚያ ዘመን ማጣሪያ ትዕግሥት ነበር፦ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ማፍሰስ፣ እድፉ ከታች ሲዘቅጥ ጠርጎ ማውጣት።

እ.ኤ.አ. በ1923 ኧርነስት ስዊትላንድና ጆርጅ ግሪንሃልግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የመኪና ዘይት ማጣሪያ ሠርተው «ፑሮሌተር» አሉት። ንጹሕ ዘይት ከሚል አጭር አነጋገር የተቀጠለ ስም ነው። በዓመቱ ክራይስለር በአዲሱ መኪናው ላይ ገጠመው። የመጀመሪያዎቹ ማጣሪያዎች ዘይቱን በሙሉ አያሳልፉም ነበር፤ ጥቂቱን ብቻ ወደ ጎን ስበው አጣርተው ይመልሱታል። ቆይቶ ግን ዘይቱ በሙሉ፣ ወደ ሞተሩ አካላት ከመድረሱ በፊት፣ በማጣሪያው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። እስከዚያ ድረስ ማጣሪያው በብረት ጣሳ ውስጥ የሚቀመጥ ልብ ነበር፤ ጣሳው ይቀራል፣ ልቡ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ጣሳውና ልቡ አንድ ሆነው በእጅ ተጠምዝዘው የሚገቡበትና የሚወጡበት፣ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት መጣ።

እንግዲህ ሦስት ትውልድ ሞተር አለ ማለት ነው፦ ማጣሪያ የሌለው፣ ልቡ የሚለወጥለት፣ ሙሉ ጣሳው የሚለወጥለት። ሦስቱም ኢትዮጵያ ገብተዋል። ሦስቱም ገና አልወጡም። የራጉኤል ነጋዴ ፈተና ከዚህ ይጀምራል።

ከአንድ ቋንቋ የተወረሱ ሁለት ስሞች

ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወራሪው የነጭና የጥቁር መኖሪያ የተለያየበት ከተማ ሊሠራ አስቦ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ ሰፈሩም አዲስ ከተማ ተባለ። ገበያው መርካቶ የሚለውን ስም የወረሰው ከዚያ ነው። ሊያገልል የተሠራው ገበያ የአገሪቱ ዋና ገበያ መሆኑ፣ የታሪክ ምፀት ካልተባለ ምን ይባላል?

ያው ወራሪ በአምስት ዓመት ውስጥ በየአቅጣጫው መንገድ ቀደደ፤ በመንገዱም ላይ «ትሬንታ ኳትሮ» የተባሉትን የፊያት ጭነት መኪናዎች ነዳ። በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መኪናውን ሁሉ ይዞ አልሄደም፤ ሰዉም ሁሉ አልሄደም። ከቀሩት ጣሊያኖች መካከል ጋራዥ የከፈሉ ነበሩ፤ የእኛ ልጆችም በየጋራዡ ረዳት ሆነው ገቡ። ትምህርቱ በመጽሐፍ አልነበረም፤ በዓይን ማየት፣ በጆሮ መስማት፣ በእጅ መያዝ ነበር። በተግባር የያዙትን ዕቃ ጌታቸው በጠራው ስም ጠሩት፦ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ቺንጊያ፣ ካቻቪቴ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። ፊልትሮም ከነዚሁ ጋር ገባ።

እነሆ መርካቶና ፊልትሮ ከአንድ ቋንቋ የተወረሱ ስሞች ናቸው። ገበያውም ዕቃውም ባዕድ ሰጪ ነበራቸው፤ ዕውቀቱን ግን የያዘው አገሬው ነው። ያም ዕውቀት ከጅምሩ በቃልና በእጅ የተላለፈ እንጂ በወረቀት የሰፈረ አልነበረም። ይህ ጥንካሬው ነው፤ ወደ ፊት እንደምናየው ድክመቱም ነው።

ቮልስ፣ ሴይቼንቶ፣ ላንድሮቨር

ከነጻነት በኋላ ባሉት ሠላሳ ዓመታት አዲስ አበባ የብዙ አገር መኪና ከተማ ሆነች። ከጣሊያን ፊያት፣ ከጀርመን ቮልስዋገንና መርሴዲስ፣ ከእንግሊዝ ላንድሮቨር፣ ከፈረንሳይ ፔዦ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ሞኤንኮ ተቋቁሞ የቶዮታ ዘመን ተጠነሰሰ። እያንዳንዱ መኪና ዘይቱን የሚያጣራበት የየራሱ ብልሃት ነበረው። ዛሬ በራጉኤል ገዢና ሻጭ ከሚያከራክራቸው ነገር ብዙው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ከቮልስ እንጀምር። ይህችን መኪና የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ በዓይኑ ያላያት በታሪክ ሰምቷታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሠ ነገሥት የገቡባት ያቺ ትንሽ መኪና ከኋላዋ ባለው ሞተር ላይ የዘይት ፊልትሮ አልነበራትም። ዛሬ ከአባቱ ቮልስ የወረሰ ወጣት «የቮልስ የዘይት ፊልትሮ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሐቀኛው ሻጭ «ልጄ፣ እሷ የላትም» ቢለው የሚገረመው ለዚህ ነው።

ቮልስ ያላት ወንፊት ነው። ከሞተሩ ግርጌ በስድስት ዳዶ የታሰረ ክብ ክዳን አለ፤ ሲከፈት የሽቦ ወንፊት ይወጣል። ወንፊቱ አይጣልም፤ በቤንዚን ታጥቦ ይመለሳል። የሚለወጡት ከወንፊቱ በላይና በታች የሚገቡት ሁለት የወረቀት ጓርኒሲዮኖችና የየዳዶው ሮንዴላ ናቸው። ሽቦው ትልልቁን ቆሻሻ ይይዛል እንጂ ረቂቁን አይይዝም፤ ስለዚህ ፋብሪካው ሁለት ሊትር ተኩል የሚሆነውን ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ለውጡ ብሏል። የጀርመኑ ፋብሪካ ይህችን መኪና መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ጓርኒሲዮኑ ግን አያስጨንቅም፤ የጓርኒሲዮን ወረቀት ገዝቶ፣ ክዳኑ ላይ አስቀምጦ፣ ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያሉ እየመቱ መቁረጥ ማንም የጋራዥ ልጅ የሚችለው ሙያ ነው። ቮልስ ዕድሜዋ የረዘመው ጠንካራ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ከሰው ደጅ የሚያስጠና ዕቃዋ ጥቂት ስለሆነም ነው።

ሴይቼንቶ ደግሞ ሌላ ምሥጢር አላት። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት የምናስታውሳት ፊያት 600፣ በኋለኞቹ ሞዴሎቿ፣ ዘይቷን የምታጣራው በመሽከርከር ነው። በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለው ፑሌጃ ውስጡ ክፍት ነው፤ ዘይቱ በዚያ ሲያልፍ ፑሌጃው በፍጥነት ይሽከረከርና ከባዱን እድፍ ወደ ዳር ይወረውረዋል። እህል በሰፌድ ሲበጠር እንክርዳዱ ለብቻው እንደሚወጣ ያለ ነው። እድፉ ከግድግዳው ላይ እንደ ጭቃ ይጋገራል፤ ክዳኑ ሲከፈት ይፋቃል፣ ይታጠባል። እዚህም ከራጉኤል የሚገዛ ጣሳ የለም። ያላወቀ መካኒክ ግን ፑሌጃውን ዕድሜ ልኩን ሳይከፍተው ይኖራል፤ ሞተሩም ባላወቀው ነገር ይሞታል።

ላንድሮቨር ከሁለተኛው ትውልድ ነው፤ ጣሳው ቋሚ፣ ልቡ ተለዋጭ። አንድ ረጅም ቡሎን ሲፈታ ጣሳው ይወርዳል፤ የወረቀቱ ልብ ይወጣል፤ አዲሱ ይገባል። የዚህኛው ወጥመድ ላስቲኩ ነው። ጣሳው የሚያርፍበት ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠው የላስቲክ ቀለበት (ጎሚኒ) ከሙቀቱ ብዛት ደርቆ ብረት ይመስላል። ያላስተዋለ ሰው አሮጌውን ሳያወጣ አዲሱን ይደርብበታል፤ ሁለቱ ላስቲኮች አይተሳሰሩም፤ መኪናው ዘይቱን መንገድ ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ የላንድሮቨር ፊልትሮ የሚገዛ ሰው ላስቲኩን አብሮ መግዛት፣ አሮጌውንም በመርፌ መሰል ነገር ፈልፍሎ ማውጣት አለበት። ልቡን ማግኘት ያታከተው ደግሞ ጣሳውን አውልቆ፣ ዘመናዊውን ተጠምዛዥ ፊልትሮ የሚቀበል መጋጠሚያ ይገጥምለታል። መጋጠሚያው በውጭ አገር ተሠርቶ ይሸጣል፤ ናሙና የያዘ ሰው ቶርኖ ቤት ማሠራትም ይችላል።

የላዳ ዘመንና የጥርስ ጥበብ

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ንግዱ በመንግሥት እጅ ገባ፤ የውጭ ምንዛሪ ጠበበ፤ የምዕራቡ ዓለም መለዋወጫ ራቀ። በምትኩ የሶሻሊስት አገሮች መኪና መጣ። ዋዙ፣ ኦራሉ፣ ዚሉ መንገዱን ሞሉት፤ ከሁሉም በላይ ላዳ ከተማውን ወረሰች። አሮጌው የጣሊያን ጭነት መኪና «ኤንትሬ»ም አልሞተም፤ ዳገቱን እያጓራ መውጣቱን ቀጠለ። ሁሉንም ጠግኖ ማሽከርከር ግዴታ ነበር፤ አዲስ የለማ!

ራጉኤል «ይኼ ይሆነዋል» ማለትን ሙያ ያደረገው በዚህ ዓይነት የእጦት ዘመን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሲሞላ ማንም ሰው የፋብሪካውን ዕቃ በፋብሪካው ቁጥር ይገዛል፤ ማመሳሰል የሚያስፈልገው ሲጎድል ነው። ላዳም ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ሆነች። ምክንያቱን ለማየት ወደ ፋብሪካዋ እንሂድ።

ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ ቶልያቲ በተባለችው ከተማ ታላቅ ፋብሪካ አቋቋመች፤ የፊያት 124 ልጅ የሆነችው ላዳም እ.ኤ.አ. በ1970 መውጣት ጀመረች። የፊልትሮዋ ማሰሪያ ጥርስ ሦስት አራተኛ ኢንች ስፋት፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 16 ጥርስ ያለው ነው። ነገሩ ያስደንቃል፤ በሜትር የሚለካ የጣሊያን ንድፍ፣ በሜትር በምትለካ ሩሲያ ተሠርቶ፣ ፊልትሮው ግን በአሜሪካ ኢንች ይታሰራል። ተጠምዛዡ ፊልትሮ በአሜሪካ ተወልዶ ልኩን ይዞ ስለ ዞረ ነው። ብዙዎቹ የቶዮታ አውቶሞቢሎችም ያንኑ ጥርስ ተቀብለዋል። የዓለም መንግሥታት በሁለት ጎራ ተከፍለው ሲፋጠጡ፣ ፊልትሮዎቻቸው በአንድ ጥርስ ይግባቡ ነበር።

ይህን የጠቆመው የመርካቶ ሰው ፖለቲካውን ትቶ ጥርሱን ያዘ። የላዳ ፊልትሮ በራሺያ ካርቶን ካልተገኘ በሌላ ካርቶን ይገኛል፤ በጀርመኑ ማን ፋብሪካ ዝርዝር ውስጥ ለምሳሌ ደብሊው 914/2 በሚል ቁጥር ተመዝግቧል። ቁጥሩን የማያውቅ ሻጭም በጣቱ ያውቀዋል።

ገባ ማለት ሆነ ማለት አይደለም

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለራጉኤል ሙገሳ ነው። አሁን ወቀሳውን እንጨምር። ጥርሱ የገባ ፊልትሮ ሁሉ ለሞተሩ የሚሆን አይደለም፤ «ይኼ ይሆነዋል» ከማለት በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አምስት ናቸው።

አንደኛው ራሱ ጥርሱ ነው። ሦስት አራተኛ ኢንች ማለት 19.05 ሚሊ ሜትር ነው። ሆንዳን የመሳሰሉ መኪኖች የሚጠቀሙበት ሌላ ልክ ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ዓይን ይስታል። ባለ 20ው ፊልትሮ በባለ ሦስት አራተኛው ማሰሪያ ላይ ላላ ብሎ ይይዛል፤ የተጠመዘዘም ይመስላል። ሞተሩ ተነሥቶ የዘይቱ ግፊት ሲጨምር ግን ያ የይስሙላ ጥርስ ሊለቅ ይችላል፤ ዘይቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አስፋልት ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው የላስቲኩ ቀለበት ነው። ጥርሳቸው አንድ የሆነ ሁለት ፊልትሮዎች የቀለበታቸው ስፋት ሊለያይ ይችላል፤ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ካለው ለስላሳ ማረፊያ በሙሉ ካላረፈ ያፈሳል። ሦስተኛው ከውጭ የማይታየው የማለፊያ ቫልቭ ነው። ወረቀቱ በቆሻሻ ሲደፈን ሞተሩ ዘይት አጥቶ እንዳይደርቅ፣ ቫልቩ ተከፍቶ ዘይቱን ሳይጣራ ያሳልፈዋል፤ ከንጹሕ ዘይት ያደፈ፣ ከምንም ዘይት ግን ያደፈው ይሻላልና። የሚከፈትበት ግፊት ግን እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ከነጭራሹ በሞተሩ አካል ላይ ስለተሠራ ፊልትሯቸው ቫልቭ የማያስፈልገው ሞተሮችም አሉ። አራተኛው ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ከፊልትሮው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው የላስቲክ ክዳን ነው። ፊልትሮው በጎኑ ወይም ተገልብጦ በሚታሰርበት ሞተር ይህ ክዳን ከሌለ፣ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ በደረቁ ይንኳኳል። አምስተኛው ቁመቱ ነው፤ የረዘመ ጣሳ ከሻሲው ወይም ከማርሚታው ጋር ይጋጫል።

ከአምስቱ ሦስቱን እጅና ዓይን ይለያቸዋል። ሁለቱን ግን እጅ አይደርስባቸውም፤ እነዚያ የሚታወቁት በጽሑፍ ብቻ ነው። የራጉኤል ዕውቀት ወሰኑ እዚህ ላይ ነው። ሻጩ አልዋሸም፤ ጣቱ የነገረውን ነው የተናገረው። ጣቱ ያልነገረውን ግን ሞተሩ ከዓመት በኋላ ይናገራል፤ ያን ጊዜ ፊልትሮውን የሚያስታውሰው የለም፤ «መኪናው አርጅቶ ነው» ይባላል።

በብዙ አገር ገበያዎች የሚታወቅ ሌላ አደጋም አለ፤ በታዋቂ ፋብሪካ ስም የሚሸጥ ሐሰተኛ ፊልትሮ ወይም ታጥቦ ዳግም የተቀባ አሮጌ። ገዢው ራሱን ለመከላከል ብዙ አያስፈልገውም። በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ውስጥ ይመልከት፤ ዝገት ወይም የዘይት ቅሪት ካለ ይመልሰው። ላስቲኩን ይጫነው፤ የደረቀ ከሆነ ይተወው። አሮጌውንና አዲሱን በሁለት እጁ ይመዝን፤ እጅግ የቀለለው ወረቀቱ የጎደለበት ሊሆን ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለዘይት ፊልትሮ የተነገረ ይመስላል፤ ከርካሽ ቆርቆሮ ላይ የተቆጠበ ብር ሞተር በማስፈታት ይከፈላል።

የተዘጋ በርና የሚሸሽ መደርደሪያ

አንባቢ «ይህ ሁሉ ስለ አሮጌ መኪና ነው፤ አሮጌው ይጣልና አዲስ ይገዛ» ሊል ይችላል። ጭሱና የመንገዱ አደጋ ሲታሰብ አስተያየቱ ሚዛን አለው። ግን በእኛ አገር መኪና እንደ ልብስ አይጣልም። የብዙ ቤተሰብ ትልቁ ሀብት ነው፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ በታክሲነት ልጆች ያስተምራል። ቁጥራቸው እየቀነሰ ቢመጣም የላዳ ታክሲ ባለቤቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ሕጎች ደግሞ ነገሩን አክብደውታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ስለ ሕጎቹ ጥቅምና ጉዳት ሌላው ይከራከር፤ ለእኛ ጉዳይ ትርጉማቸው ግልጽ ነው። ትናንት አዲስ ይባል የነበረው ቤንዚን ሞተር ሁሉ ከእንግዲህ ምትክ ሳይመጣለት እዚሁ ያረጃል። ቮልስና ላዳ የገቡበት ወረፋ ውስጥ ሁሉም ቀስ በቀስ ይገባል።

በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት የለውም፤ የዘይት ፊልትሮም አይፈልግም። የነጋዴ መደርደሪያ ደግሞ ገንዘብን ይከተላል። ዛሬ የፊልትሮ ካርቶን የተደረደረበት ሱቅ ነገ የቻርጀርና የባትሪ ዕቃ ሊደረድርበት ይችላል፤ ማንም አይፈርድበትም። እንግዲህ የማመሳሰል ጥበብ እጅግ የሚፈለግበት ዘመን ሲመጣ ጥበበኛው ሌላ ሥራ ይዞ ሊገኝ ነው። ፋብሪካዎች ለብዙ አሮጌ ሞተሮች ፊልትሮ ገና ይሠራሉ፤ ቆርቆሮው ከዓለም ላይ አልጠፋም። የሚጠፋው የትኛው ቆርቆሮ ለየትኛው ሞተር እንደሚሆን የሚያውቀው ሰው ነው።

ይህ ዕውቀት ከጣሊያን ጋራዥ ጀምሮ በቃል መጣ፤ በቃል ከቀጠለ ግን ከባለቤቶቹ ጋር መቃብር ይወርዳል። ማስፈር ከባድ አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሲወጡ፣ ልምድ ካላቸው የራጉኤልና የሶማሌ ተራ ሻጮች ጎን ተቀምጠው የሞተሩን ዓይነት፣ የጥርሱን ልክ፣ የቀለበቱን ስፋት፣ የሚመሳሰሉትን ቁጥሮች ቢመዘግቡ፣ እጅ የማይደርስባቸውን ሁለቱንም ነገሮች ከፋብሪካዎች ዝርዝር ቢያሟሉ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የአገሩን መኪኖች የሚያዳርስ መጽሐፍ ይወጣዋል። ነጋዴዎቻችን የዕቃ ፎቶግራፍ በቴሌግራም መላክ ከለመዱ ቆይተዋል፤ ከፎቶው ሥር ልኩን መጻፍ ብቻ ነው የቀረው።

መጽሐፉ እስኪወጣ ድረስ ባለመኪናው ራሱ ይጀምር። በሚቀጥለው የዘይት ለውጥ ቀን፣ አሮጌው ፊልትሮ ወልቆ መሬት ላይ ሲቀመጥ፣ ከመወርወሩ በፊት ዘይቱን አንጠፍጥፎ ይጥረገው። በጎኑ ላይ የመኪናውን ዓይነት፣ የተካውን ፊልትሮ ቁጥር፣ የለወጠበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በማይጠፋ ቀለም ይጻፍበትና ከመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ያኑረው። ራጉኤል «ናሙናውን ይዘውታል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስካለ ድረስ ያ ቆርቆሮ መልስ ይሆናል። ጠያቂው የታጣ ዕለት ደግሞ ጽሑፉ ይናገራል።